ግመሉ ምን ያስተምራል?

እኛ እጩ መምህራን ቻርት ከመሳላችን በፊት ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሥዕሉ ትምህርቱን ያስረዳል ወይስ ዓይን ብቻ ይስባል? ለምሳሌ ያህል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻሕፍትን ሽፋን እንመልከት።

ኦራይሊ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የእንስሳት ሥዕል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፐርል ስለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ግመል አቆመ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ሸክም መቻላቸው ይሆን? በ1999 ለፓይተን ቋንቋ ጀማሪዎች ያወጣው ደግሞ አይጥ ይዞ መጣ። ፓይተን በእንግሊዝኛ የዘንዶ ስም ነውና፣ «አይጧ ተማሪ ናት ወይስ ምሳ?» ብለን ስቀናል።

ሳቁ ይቆየንና፣ ግመሉ ስለ ፐርል አንዲት ነገር አያስረዳም። ሆኖም አንባቢው «የግመሉ መጽሐፍ» እያለ ስለሚጠራው አይረሳውም።

በ1986 የታተመው የአሆ፣ የሴቲና የኡልማን መጽሐፍ ግን ለየት ይላል። የሚያስተምረው ስለ ኮምፓይለር ነው፤ ይኸውም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚተረጉመው ፕሮግራም ነው። ሽፋኑ ላይ ጥሩር የለበሰ ጦረኛ ደራጎን ይገጥማል። ደራጎኑ ላይ «የኮምፓይለር ንድፍ ውስብስብነት» የሚል ተጽፏል፤ በጦረኛው ትጥቅ ላይ ደግሞ የመፍቻ ዘዴዎቹ ስም። ችግሩና መፍትሔው ገና ከሽፋኑ ተለይተው ይታያሉ።

እንግዲህ ግመሉ ያስታውሳል፣ ደራጎኑ ያስረዳል። የእኛ ቻርት ሁለቱንም ማድረግ አለበት። አለዚያ ተማሪው ፈተና ላይ ግመሉን አስታውሶ ትምህርቱን ይረሳል። ያኔ ዜሮው የእሱ ብቻ አይምሰለን።