አምቦ ተቀምጦ የጉደርን አንቴና መቀየር

አምቦና ጉደር በነቀምት መንገድ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይገኛሉ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ አምቦ ላይ የሃጫሉ ሁንዴሳ፣ ጉደር ላይ የማሞ መዘምር። ጉደር ላይ ያለ አንድ ማማ ሁለት አንቴናዎችን ተሸክሟል እንበል። አምቦ የተቀመጠው ቴክኒሻን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር በሐምሌ ዝናብ መኪና ማስነሳት የለበትም።

ሥራው ከገመድ ምርጫ ይጀምራል። የኤተርኔት ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አያስኬድም። አርኤስ 485 በዝግተኛ ፍጥነት እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም ግን መዳብ ናቸው፤ ማማውን የመታ መብረቅ በእነሱ በኩል ኮምፒውተሩ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ማማውና ቢሮው 60 ሜትር ብቻ ቢራራቁ እንኳ ፋይበር ይመረጣል። የፋይበሩ ገመድ የብረት ማጠናከሪያ ካለው ብረቱ ቤት ሳይገባ ከመሬት ማውረጃው ጋር መታሰር አለበት፤ ይህ ከቀረ ፋይበር መሆኑ ብቻውን አያድንም።

ለአምቦና ጉደር ርቀት ሲንግል ሞድ ፋይበርና በሁለቱም ጫፍ ለ20 ኪሎ ሜትር የተሠራ ሚዲያ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። የ10 ኪሎ ሜትሩ ይረክሳል፣ ግን አይበቃም፤ ገመዱ ሁልጊዜም ከመንገዱ ይረዝማልና። 14 ኪሎ ሜትር ቢሆን በ1310 ናኖ ሜትር ብርሃን በኪሎ ሜትር 0.35 ዲሲቤል ሲታሰብ 4.9 ይጠፋል። አምስት ብየዳ 0.5፣ ሁለት ማገናኛ 1 ሲጨመርበት 6.4 ዲሲቤል ይሆናል። አምቦ ላይ −5 ዲቢኤም ያሳየው የብርሃን መለኪያ ጉደር ላይ −11.4 አካባቢ ካላሳየ፣ አስቀድሞ የማገናኛዎቹ ጫፍ ይጸዳል። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው አቧራ ነው።

ጉደር ላይ ኮንቨርተሩ ከአንድ የኔትወርክ ሪሌይ ቦርድ ጋር ይገናኛል፤ ቦርዱም ለአንቴና መቀየሪያው 12 ቮልት ይለቅለታል። ሁሉም ባትሪ ይኑራቸው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መቀየሪያውም አብሮ መጥፋት የለበትም።

ብዙዎች ስለ ትዕዛዙ እንጂ ስለ መልሱ አያስቡም። ለሪሌዩ «ክፈት» ተብሎ ተላከ ማለት ተከፈተ ማለት አይደለም። መቀየሪያው ተጨማሪ የማረጋገጫ እግሮች ካሉት በሌላ መስመር ወደ አምቦ ተመልሶ «አንቴና 2 ላይ ነኝ» ማለት አለበት። መስመሩ ወይም ኃይሉ ቢቋረጥ የት እንደሚቆምም አስቀድሞ ይወሰን፤ ኃይል ሲያጣ ወደ ዋናው አንቴና የሚመለስ ሪሌይ ይመረጣል። ሌላው ጥንቃቄ፣ ማስተላለፊያው እየሠራ አንቴና አይቀየርም። ኃይሉ ይቆማል፣ ይቀየራል፣ መልሱ ይነበባል፣ ከዚያ ብቻ ይለቀቃል። ይህ ተራ ካልተጠበቀ የሪሌዩ ጥርስ ይቃጠላል፤ ማስተላለፊያውም ሊጎዳ ይችላል።

የመቆጣጠሪያው ገጽ በይነመረብ ላይ ክፍት አይተው፤ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን ይለወጥ። ማማው ላይ የሚሠራው ድግግሞሽ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ጉዳዩ የሚመለከተውም በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።