ለበረዶ ሆኪ በረኛ የደረትና የክንድ መከላከያ እንዴት ይመረጣል?

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሥራው ልጆችን አሰልፎ ማሯሯጥ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ልጁ ምን ለብሶ፥ ምን ተጫምቶ ወደ ሜዳ እንደሚገባ መርምሮ መፍቀድም የመምህሩ ፈንታ ነው። ይህን ኃላፊነት አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ ስንፈልግ ከአገራችን ራቅ ብለን የበረዶ ሆኪ በረኛን አገኘን። ጨዋታው በካናዳ፥ በአሜሪካ፥ በስዊድን፥ በፊንላንድና በሩሲያ እጅግ የተወደደ ነው። ገና የተጫወተ ሰው ለመረዳት አይቸግረውም። እዚያም ዱላ አለ፥ የሚመታ ነገርም አለ። ልዩነቱ ሜዳው የረጋ በረዶ፥ የሚመታውም ሩር ሳይሆን «ፓክ» የሚባል ጠፍጣፋ ጎማ መሆኑ ነው።

ሀ/ በረኛውን የሚመታው ምንድን ነው?

ፓክ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር፥ ከዳር እስከ ዳር ስትለካ 7.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል። ጎማ ስለሆነች ለስላሳ ናት ብሎ የሚገምት ይኖራል፤ ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረች ናት። በላዩም በበረዶው ላይ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት እንድትቀዘቅዝ ይደረጋል።

ታዲያ ይህች ነገር በምን ፍጥነት ትመጣለች? ስሎቫካዊው ዝዴኖ ቻራ እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የኮከቦች ውድድር ላይ የመታት ፓክ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር በርራለች። በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን ቀመር እናስታውስ። የእንቅስቃሴ ጉልበት የግዝፈት ግማሽ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነው። ግዝፈቱን 0.17 ኪሎ ግራም ብንወስድ ውጤቱ 200 ጁል ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ፥ ማለትም ወደ 50 ጁል ይወርዳል። ስለዚህ ለትንሽ ልጅና ለጎልማሳ አንድ ዓይነት መከላከያ አይታዘዝም። ልጁ የሚበቃው ቀለል ያለ ነው። ወደ ከፍተኛ ደረጃ ሲወጣ ግን ጠንከር ያለ ያስፈልገዋል።

የእግር ኳስ በረኛ ኳሷን በእጁ ለመያዝ ይጥራል። የሆኪ በረኛ ግን ደረቱን ሆን ብሎ ከፓኳ ፊት ይደቅናል። መከላከያውም ለሱ ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው።

ለ/ መከላከያው እንዴት ይሠራል?

እንቁላል ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይፈረከሳል፤ ጭድ ላይ ቢወድቅ ሊተርፍ ይችላል። ምክንያቱም ጭዱ ቀስ እያለ ስለሚረግብ እንቁላሉ የሚቆምበት ጊዜ ይረዝማል፤ ጊዜው ሲረዝም የሚያርፍበት ኃይል ያንሳል። የመከላከያው ስፖንጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከላዩ ያለው ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ጠጠር ያለ ስፖንጅ ደግሞ ምቱን በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ በሰፊው ያከፋፍለዋል።

ቀደም ባሉት ዘመናት የደረቱና የክንዱ መከላከያ ለየብቻ የሚታሰሩ ነበሩ። አሁን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ተያይዘው እንደ ጃኬት ይለበሳሉ። ደረትን፥ ልብ ያለበትን ቦታ፥ ጎድንን፥ ሆድን፥ ትከሻን፥ ክርንንና እስከ አንጓ ያለውን ክንድ ይሸፍናሉ። ሌሎቹ ተጫዋቾች የሚለብሱት የትከሻ መከላከያ ለግጭትና ለውድቀት የተሠራ ስለሆነ ለበረኛ አይበቃም። «ለጊዜው በዚህ ይቆም» ማለት አይገባም።

ሐ/ «ያድግበታል» ለዩኒፎርም እንጂ ለጋሻ አይሆንም

እኛ አገር ለልጅ ዩኒፎርም ሲገዛ «ሰፋ ያለ ይሁን፥ ያድግበታል» ይባላል። እጅጌው ቢረዝም ይታጠፋል፥ ጉዳትም የለውም። በበረኛ መከላከያ ላይ ግን ይህ ልማድ አደገኛ ነው። የሰፋ መከላከያ ልጁ ጎንበስ ሲል ወደ አገጩ ይወጣል፥ ወደ ጎን ሲዘረጋ ይዞራል። ያን ጊዜ የልቡ መሸፈኛ ልቡ ላይ አይገኝም፤ የክርኑም ክርኑን ስቶ ይቀመጣል። የጠበበውም ቢሆን ሆድንና አንጓን ያጋልጣል። በመሆኑም ዋናው ደንብ መከላከያው ልጁ ዛሬ ባለው አካል ልክ ይሁን የሚል ነው።

ለዚህም ሦስት ነገር እንለካለን። አንደኛ፥ በብብት ሥር የደረትን ዙሪያ፤ ሁለተኛ፥ ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ቁመት፤ ሦስተኛ፥ ከትከሻ እስከ አንጓ የክንዱን ርዝመት። የሠሪዎቹ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እያንዳንዱን ከራሱ ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት እንጂ በዕድሜ ብቻ መግዛት አይበጅም። ለዕድገት የሚሆነው የመከላከያው ስፋት ሳይሆን የሚረዝሙና የሚያጥሩ ማሰሪያዎቹ ናቸው።

ትልቅ መሆኑ ግቡን ይሸፍንልናል የሚሉም አሉ። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ግን ከ2018–19 የውድድር ዘመን ጀምሮ መከላከያው ከበረኛው አካል ጋር እንዲመጣጠን ደንቡን አጥብቋል። አንዳንድ በረኞች «ክንዳችን ይበልጥ ይመታል» ብለው አጉረምርመዋል። አቤቱታቸው ከንቱ አልነበረም። መጠን ሲቀነስ የስፖንጁ ጥራት መታየት እንዳለበት ያስተምረናል።

መ/ ለብሶ መፈተን

መከላከያ ቆሞ በመስተዋት በማየት አይመረጥም። ልጁ ቁምጣውን፥ ጓንቶቹንና ማሊያውን ጨምሮ ይልበስና የሚከተለውን ያድርግ።

1. እንደ በረኛ ጎንበስ ይበል። መከላከያው ወደ ጉሮሮ ከወጣ አልሆነም።
2. በጉልበቱ ይውረድ። በደረቱ መከላከያና በቁምጣው መካከል ሆድ መታየት የለበትም።
3. ሁለቱን እጆች ከፊቱ ያገናኝ፥ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ጎን ይዘርጋ። ትከሻው ከያዘው ሌላ ይሞከር።
4. ክርኑን ይጠፍ። የክርኑ መሸፈኛ ከቦታው መንሸራተት የለበትም።
5. አንጓው ላይ በእጅጌውና በጓንቱ መካከል ክፍተት እንዳይኖር፥ እጅጌው ረዝሞም ጓንቱን ከመጨበጥ እንዳያግድ ይታይ።
6. ከአንገት በታች ያሉት አጥንቶች መሸፈናቸው ይረጋገጥ። ጉሮሮ ግን የራሱን መከላከያ ይፈልጋል።

ሠ/ ያገለገለ ሲገዛ

አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ያገለገለ ይገዛል፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። ተመልሶ ካልነፋ ሞቷል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ፥ የተተረተረ ስፌት፥ የላላ ዘለበት ያለበት አይገዛ። ከተገዛ በኋላም ከጨዋታ በኋላ ቦርሳ ውስጥ ሳይታፈን ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይሰቀል። እሳት ዳር ማድረቅ ስፖንጁን ያበላሸዋል።

ረ/ መከላከያው የማይችለው

ለመምህር ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ደረት በልብ አቅጣጫ ሲመታ፥ ምቱ ከልብ ምት ዑደት ጋር በአንዲት አደገኛ ቅጽበት ከገጠመ፥ አጥንት ሳይሰበር፥ ደምም ሳይፈስ ልብ ሥርዓቷን ልትስት ትችላለች። ይህ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። በብዛት የሚታየውም ደረታቸው ገና ባልጠነከረ ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው። መከላከያ ለብሰው የደረሰባቸውም አሉ።

ስለሆነም በደረቱ ተመትቶ የወደቀና የማይነቃ ልጅ ሲገኝ «ትንፋሹ አጥሮት ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወዲያው ሰው ይጠራ፥ ደረቱን መጫን ይጀመር፥ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው መሣሪያ ይምጣ። ያለ መሣሪያው በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ተስፋ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ መሣሪያው የት እንደተቀመጠ ጨዋታው ሳይጀመር መታወቅ አለበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትበር 0.17 ኪሎ ግራም ፓክ ስንት ጁል ጉልበት አላት? (መልስ፦ 34)
2. አንድ ወላጅ «ዓመት አይቆይም፥ ሰፊውን እንግዛ» ቢልዎ እንዴት ያስረዱታል?
3. እርስዎ በሚያስተምሩት የስፖርት ዓይነት ከጨዋታ በፊት በልጁ ላይ የሚመረመሩ ሦስት ነገሮችን ይዘርዝሩ።