የጋራ ሀብት ለጋራ ጥቅም፦ የመንግሥት ማኅበራዊ ወጪና የዜጎች ደኅንነት



በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የመንግሥት በጀት በሥራ ላይ ይውላል። በዚያ ሰሞን በሬድዮና በጋዜጣ ይህን ያህል ቢልዮን ብር ለትምህርት፥ ይህን ያህል ለጤና፥ ይህን ያህል ደግሞ ለመንገድና ለውሃ ተመደበ ሲባል እንሰማለን። አኀዙ ከዕለት ኑሯችን እጅግ የራቀ ስለሚመስለን አብዛኞቻችን ሰምተን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ በቁምስናችን አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይኑረው አይኑረው፥ ልጆቻችን በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆነው ይማሩ፥ ጧሪ የሌላቸው አሮጊት ጎረቤታችን በክፉ ቀን የሚቀምሱት ያግኙ አያግኙ፥ በአመዛኙ የሚወሰነው በዚሁ አኀዝና አኀዙ ከተነገረ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። እነርሱም ማኅበራዊ ወጪ ምን እንደሆነና የማን ገንዘብ እንደሆነ፥ የተመደበው ገንዘብ እንዴት ለዜጋው እንደሚደርስ ወይም ሳይደርስ እንደሚቀር፥ በመጨረሻም የእኛ የምእመናን ድርሻ ምን እንደሆነ ናቸው።

1. ማኅበራዊ ወጪ ምንድር ነው? ገንዘቡስ የማን ነው?

ማኅበራዊ ወጪ የምንለው መንግሥት ለትምህርት፥ ለጤና፥ ለንጹሕ ውሃ፥ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲሁም በምግብ እጦት ለሚጠቁ ቤተሰቦች እርዳታ የሚያውለውን ገንዘብ ነው። ይህ ወጪ በመንግሥት ሒሳብ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መደበኛ ወጪ ይባላል፤ የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ፥ መድኃኒት፥ ጠመኔ፥ ነዳጅና ይህን የመሳሰለው ሁሉ ከእርሱ ይከፈላል። ሁለተኛው ካፒታል ወጪ ሲሆን ትምህርት ቤት፥ ሆስፒታልና የውሃ ጉድጓድ ይሠራበታል። ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። ሕንጻ ሲመረቅ ሁሉም ያየዋል፤ ሪባን ይቆረጣል፥ ጭብጨባም ይሰማል። በሕንጻው ውስጥ በየወሩ የሚያስፈልገው ደመወዝና መድኃኒት ግን የምረቃ በዓል የለውም። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕንጻው ተሠርቶ ለመደበኛው ወጪ ካልታሰበ ግን የተከፈተው በሩ ብቻ ነው፤ አገልግሎቱ ገና አልተከፈተም።

ገንዘቡ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሁላችንም ነው። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ይከፍላል፤ ነጋዴው ከትርፉ፥ ሠራተኛውም ከደመወዙ ይከፍላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ከባለጠጋውም ከድሀውም እኩል የሚሰበሰብ ነው፤ ታክሱ ካለበት ሱቅ ሳሙና የገዛች እናት ሳታውቀው ለመንግሥት ግምጃ ቤት የድርሻዋን አበርክታለች። ከውጭ በብድር የሚገኘውንም ቢሆን ነገ የሚከፍሉት ልጆቻችን ናቸው። እንግዲህ ዜጋው ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያገኝ ምጽዋት መቀበሉ አይደለም፤ ለጋራው ማዕድ ካዋጣው የሚገባውን ማግኘቱ ነው።

2. የተገቡ ቃሎች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፥ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበውን ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ የማሳደግ ግዴታ ጥሎበታል። በዚሁ አንቀጽ አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያንና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት ድጋፍ እንዲደረግ ታዟል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 በኮፐንሀገን በተደረገው የዓለም የማኅበራዊ ልማት ጉባኤ ላይም ፈቃደኛ የሆኑ አገሮች የሚከተሉት አንድ ሐሳብ ተደግፎ ነበር፤ ለጋሾች ከእርዳታቸው 20 በመቶ፥ ተቀባዮችም ከበጀታቸው 20 በመቶ ለመሠረታዊ ማኅበራዊ አገልግሎት እንዲያውሉ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች በአቡጃ ተሰብስበው ከየዓመቱ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ግን አብዛኞቹ አገሮች ይህን ቃል ሊጠብቁ አልቻሉም።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርትም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለችው ዓዋዲት መልእክታቸው፥ ባለጠጋው ራሱን የሚከላከልበት ብዙ መንገድ ሲኖረው ድሀው ግን ስለሌለው መንግሥት ለድሀው የተለየ ጥንቃቄ ሊያደርግ እንደሚገባ አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 «ፓቼም ኢን ቴሪስ» በተባለችው መልእክታቸው ምግብን፥ መጠለያን፥ ሕክምናንና አስፈላጊ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን ከሰው ልጅ መብቶች ጋር ቆጥረዋቸዋል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ቤተሰብና አነስተኛ ማኅበራት ራሳቸው ሊሠሩት የሚችሉትን ሥራ የበላይ አካል ሊነጥቃቸው እንደማይገባ አስገንዝበዋል። ሁለቱ አስተሳሰቦች አይጋጩም። መንግሥት ሁሉን ይሥራ አይባልም፤ ብቻውን ሊቆም የማይችለውን ሰው ግን ሊተወው አይገባም።

3. በበጎ የሚጠቀስ ምሳሌ፦ የጤና ኤክስቴንሽን

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ። መንግሥት አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መርጦ ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ፥ በገጠር በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ ደመወዝተኛ ሠራተኞች አደረጋቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ የሚሆኑት ተሠማሩ። እነዚህ ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፥ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ወባ መከላከያ አጎበር ያስተምራሉ፤ ክትባትም ይሰጣሉ።

ውጤቱ በአኀዝ ይታያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166 የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ መልካም ለውጥ ምክንያቱ ይህ መርሐ ግብር ብቻ አይደለም፤ የትምህርት መስፋፋት፥ የምግብ መሻሻልና የውጭ እርዳታም ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በከተማ ካለው ትልቅ ሆስፒታል አልፎ እስከ ጎጆው ደጃፍ እንዲደርስ ተደርጎ መታቀዱ ታላቅ ነገር ነበር።

የቀረውም ሥራ መነገር አለበት። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯን መክራ ወደ ጤና ጣቢያ ብትልካትም፥ መንገድ ወይም አምቡላንስ ከሌለ፥ በጤና ጣቢያውም አዋላጅ ካልተገኘች ምክሩ ብቻውን ሕይወት አያድንም። ከዚህም በኋላ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ለዓመታት የተሠሩ ብዙ ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፥ ተዘርፈዋልም። በብዙ ዓመት ወጪ የተገነባ ሰላም ሲጠፋ በጥቂት ወራት ይፈርሳል።

4. የማስጠንቀቂያ ምሳሌ፦ የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከጎረቤት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኡጋንዳ መንግሥት ለየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ ለመጻሕፍትና ለትምህርት መሣሪያ የሚውል ገንዘብ ይመድብ ነበር። በወረቀት ላይ የትምህርት ወጪ አደገ፤ በትምህርት ቤቶች ግን ለውጥ አልታየም። በዚህ ምክንያት 250 ትምህርት ቤቶችን የሚሸፍን ጥናት ተደረገ፤ ማእከላዊው መንግሥት የላከው ገንዘብ ትምህርት ቤቶቹ ከተቀበሉት ጋር ተመሳከረ። ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ከተመደበው ገንዘብ ትምህርት ቤቶች እጅ የገባው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በመካከል ባሉ የአውራጃ ሹማምንት እጅ ለሌላ ጉዳይ ውሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ የበለጠ የተጎዱት የድሀ አካባቢ ትምህርት ቤቶች መሆናቸው ነው፤ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ወላጆች ጠይቀውና ተሟግተው ድርሻቸውን ሲያስከብሩ ድሆቹ ግን ገንዘቡ መመደቡን እንኳ አያውቁም ነበር።

የተወሰደው እርምጃ ቀላል ነበር። መንግሥት በየወሩ ለየአውራጃው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ገንዘብ መጠን በግልጽ ቦታ እንዲለጥፉ ታዘዙ። ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ተደምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ለትምህርት ቤቶች የሚደርሰው ገንዘብ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው በጀት ሲታወጅ ሥራው እንዳላለቀ ነው። ወላጆች ምን ያህል እንደተላከ ካላወቁ ምን ያህል እንደጎደለ ሊጠይቁ አይችሉም።

5. አኀዝን በማስተዋል ስለ ማንበብ

በጀት በዚህን ያህል አደገ ሲባል ከመደሰታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ተገቢ ነው።

አንደኛ፥ ዋጋስ ምን ያህል ጨመረ? ለምሳሌ ያህል የአንድ ጤና ጣቢያ በጀት በ20 በመቶ ቢያድግና የመድኃኒትና የነዳጅ ዋጋ በ30 በመቶ ቢጨምር፥ ጤና ጣቢያው አምና ከገዛው በ8 በመቶ ያህል ያነሰ ይገዛል። አኀዙ አድጓል፤ የመድኃኒቱ መደርደሪያ ግን ጎድሏል።

ሁለተኛ፥ ሕዝቡስ ምን ያህል በዛ? ለ500 ተማሪዎች የታሰበ ገንዘብ ለ700 ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል።

ሦስተኛ፥ ገንዘቡ ለምን ዋለ? አብዛኛው የወረዳ በጀት ለደመወዝ የሚውል ነው። ደመወዝ አስፈላጊ ነው፤ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት የለምና። ሆኖም መምህሩ ጠመኔና መጽሐፍ፥ ነርሷም ጓንትና መድኃኒት ካላገኙ ደመወዙ የሚገባውን ፍሬ አያፈራም።

በሌላ በኩል ለመንግሥትም ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። አገራችን ሀብቷ ውስን ነው፤ የዕዳ ክፍያ፥ ድርቅና የዋጋ ንረት ይፈታተኗታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከፍተኛ የዕዳ ስረዛ ያገኘች ቢሆንም እንደገና ዕዳ ተከምሮባት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የአንድ የውጭ ብድር ሰነድ ወለድ በጊዜው ሳትከፍል ቀርታለች። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማሟላት አይቻልም። ነገር ግን ሀብት ባነሰ መጠን የሚቀድመውን ማስቀደም የበለጠ ግዴታ ይሆናል። ድሀ ቤተሰብ እንኳ ገንዘብ ሲያጥረው በመጀመሪያ የሚያስበው ለሕፃኑና ለበሽተኛው አይደለምን?

6. የእኛ ድርሻ

ይህ ሁሉ የባለሥልጣናት ጉዳይ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦችን እናቀርባለን።

ሀ) እንወቅ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወረዳዎች በጀታቸውን ለሕዝብ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፉ የሚያደርግ አሠራር ተዘርግቷል። ባለበት ቦታ እናንብበው፤ ማንበብ ለማይችሉም እናንብብላቸው። በሌለበት ቦታ ደግሞ እንዲለጠፍ በአክብሮት እንጠይቅ። ይህን ማድረግ ወገንተኝነት አይደለም፤ የጋራ ቤታችንን መጠበቅ ነው።

ለ) የተረሳውን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሥራት የሚችሉ በልማት ሥራ ተሠማርተው፥ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ይረዳሉ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም የአባልነት መዋጮ መክፈል የማይችሉ «የድሀ ድሀ» ተብለው ሲመዘገቡ መዋጮውን ወረዳና ክልል ይሸፍኑላቸዋል። በሁለቱም ውስጥ ማን እንደሚመዘገብ በአመዛኙ የሚወሰነው በቀበሌና በማኅበረሰቡ ነው። ዘመድና ተሟጋች የሌለው ሰው ከመዝገብ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ምእመናንን በየቤታቸው የሚጎበኙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ማን አልጋ ላይ እንደቀረ፥ ማን ብቻውን እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ይህን ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ፥ ሃይማኖትና ወገን ሳይለዩ ለተረሳው ሁሉ መናገር፥ ለድሀው ከሚደረጉ ታላላቅ አገልግሎቶች አንዱ ነው።

ሐ) ድርሻችንን በታማኝነት እንክፈል። ግብር እየሰወሩ የአገልግሎት ጉድለትን ማማረር አይቻልም። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴና «ደረሰኝ አልፈልግም፥ ቀንስልኝ» የሚል ገዢ ሁለቱም ከሕፃናት ክትባት ላይ እየቀነሱ ነው።

መ) ከራሳችን እንጀምር። በቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮችም፥ የቁምስናችን የእርዳታ ሣጥንም የጋራ ገንዘብ የሚገባባቸው ናቸው። ከመንግሥት የምንጠይቀውን ግልጽነት በራሳችን ሒሳብ ላይ ካላሳየን ቃላችን ክብደት አይኖረውም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ባለው ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ዘንድሮ ከሁሉ ይበልጥ የጎደለው ምንድር ነው? ጉድለቱ የካፒታል ወጪ ነው ወይስ የመደበኛ?

2. የወረዳችን በጀት ለሕዝብ በሚታይ ቦታ ተለጥፏልን? በቁምስናችን ያነበበው አለን?

3. በሴፍቲኔት ወይም በጤና መድኅን መዝገብ ውስጥ ሊገባ ሲገባው የቀረ ሰው እናውቃለንን? ስለ እርሱ የሚናገርለት ማን ነው?

4. የቁምስናችን የእርዳታ ገንዘብ ሒሳብ ለምእመናን የሚነገረው መቼና እንዴት ነው?

በየቁምስናው በዚህ ትምህርት ላይ ስትወያዩ በተለይ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትቸኩሉ እንድታዩት አደራ እንላለን። የመጪው በጀት ቢልዮኖች በሬድዮ ሲነገሩ ስሙ ከመዝገብ የቀረውን ያን አንድ ሰው ካሰብነውና ቀበሌ ድረስ ሄደን ካስመዘገብነው፥ ይህ ትምህርት በከንቱ አልተሰጠም።