ሯጭ ሲሞት ማንን እናስባለን?



ባለፈው ክረምት የወጣቶች ክፍላችን አንድ ሥራ ተሰጠው። እዚህ ሶዶ ከምንማርበት አዳራሽ አጠገብ ያለችው ትንሽ የንባብ ክፍል አዲስ ኖራ ተቀብታ ስለ ነበር፣ በኦሊምፒክ ከተወዳደሩትና ዛሬ በሕይወት ከሌሉት ሯጮች መካከል የአራቱን ፎቶግራፍ በግድግዳዋ ላይ እንድንሰቅል፣ ከየፎቶግራፉም ሥር አጭር ታሪክ እንድንጽፍ ታዘዝን። አራት የሆነበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ ያዋጣነው ገንዘብ ከአራት ፍሬም በላይ አልገዛም። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ መስሎን ነበር። ነገር ግን አምስት እሑድ ፈጀ፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ተኳርፈን ተለያየን። የተከራከርንበት ጉዳይ የእኛ ብቻ ስላልመሰለን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

የመጀመሪያው ፍሬም ያለ አንዳች ክርክር የሻምበል አበበ ቢቂላ ሆነ። ሮማ ላይ ያሸነፈበት ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። በዚያ ምሽት በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አርባ ቀን ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደገና አንደኛ ወጣ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም ቆይቶ፣ ተስፋ ይቆርጣል ሲባል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተካፈለ። እኛን ከሮማው ድል ይልቅ ይህ ይበልጥ ስለ ነካን ከፎቶግራፉ ሥር ቀስቱን አስቀድመን ጻፍን።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የኀዘን ቀን አወጁ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር 65 ሺህ ያህል ሕዝብ እንደ ተገኘ ይነገራል። ሰዎች ዛሬም አልረሱትም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የሮማው ድል ሃምሳኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የሮማን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻውን ጥቂት መቶ ሜትር ጫማውን አውልቆ ነበር የሮጠው።

ከመካከላችን አንዲት እኅት ግን ስለዚያ የጥቅምት ወር ስታነብ ሌላ ነገር አግኝታ መጣች። አበበ ከመሞቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 8 ቀን፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሀብ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። በዚያን ወቅት በወሎና በትግራይ ሰው በየመንገዱ ይረግፍ ነበር፤ መንግሥትም ነገሩን ሸፍኖ ይዞት ነበር። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ አገር፣ ለአንዱ ሟች የኀዘን ቀን ሲታወጅ ለብዙ ሺህ ሟቾች ጡሩምባ እንኳ አልተነፋም። ይህን ስታነብልን ክፍሉ ጸጥ አለ። ለአበበ የተለቀሰው በዝቷል ማለታችን አይደለም። ጥፋቱ የእርሱም አይደለም፤ ሰውየው ሽባ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ይገባዋል» የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ መናገር ከበደን።

በእኛ በወላይታ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ለቅሶ ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ የበዛለት፣ ሀብት ያለው ወይም በሹመት የታወቀ ሰው ሲሞት ከብዙ ቀበሌ ሕዝብ ይነቃነቃል፤ ሥራውም እየተነሣ ይለቀሳል። በአንጻሩ ደግሞ ሸክላ ሠሪው በሠራው ድስት ወጥ እየበላ የኖረ ጎረቤት፣ ከዚያው ሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀመጥበት ዘመን እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያወሩናል። እድር ግን ከዚህ ይለያል። በመዝገቡ ላይ ስሙ ለሰፈረ ሁሉ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ የሚፈላው ቡናም ያው ነው። ጡሩምባ ነፊው የሟቹን ማዕረግ አይጠይቅም። ክርክራችን የተወሳሰበው ሁለቱን ነገር ስለ ቀላቀልን መሆኑን የተረዳነው በሁለተኛው እሑድ ነው። ለሞተ ሰው ማልቀስ ለሁሉ የሚገባ ነው። ግድግዳ ላይ መስቀል ግን ለሚቀጥለው ትውልድ «ይህን ሰው ተመልከቱ» ማለት ስለሆነ ምርጫን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ፍሬም ለምሩፅ ይፍጠር ሆነ፤ እዚህም ላይ ብዙ አልተጣላንም። ማርሽ ቀያሪው ሲባል ከሽማግሌ እስከ ሕፃን የማያውቀው የለምና። ሙኒክ ላይ በ1964 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ የ5,000 ሜትሩ ግን ሰዓቱ አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. ለሞንትሪያል በደንብ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛይቱን ደቡብ አፍሪካ በመጎብኘቱ የአፍሪካ አገሮች ጨዋታውን ሲተዉ እርሱም አብሮ ተመለሰ። ሞስኮ ላይ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በ10,000፣ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ዕድሜውን ለጠየቀው ሁሉ በግልጽ አይናገርም ነበር። ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ አገሩ መጥቶ አዲስ አበባ ተቀበረ። ከአካባቢያችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው እዚያ የሞቱ ወንድሞች ያሏቸው ጓደኞች ስላሉን፣ አስከሬን አገር እንዲገባ ሲባል የሚዞረውን የመዋጮ ወረቀት እናውቀዋለን። ስለዚህ ይህን አንቀጽ ስንጽፍ የሞስኮውን ወርቅና የቶሮንቶውን ሞት በእኩል መስመር ጻፍናቸው።

የሞንትሪያል ነገር ሲነሣ ሌላም ነገር መጣ። ኢትዮጵያ በ1976ቱ የሎስ አንጀለስ፣ በ1981ዱም የሴኡል ኦሊምፒክ አልተካፈለችም። በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የተወለደው በላይነህ ዲንሳሞ በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም ከአሥር ዓመት በላይ ጸና። ከአምስት ወር በኋላ ሴኡል ላይ ሌሎች ሲሮጡ እርሱ አልነበረም። ወላይታም በቀድሞው አከፋፈል የሲዳሞ አውራጃ ስለ ነበረች፣ «የእኛ ሰው» እያልን ትንሽ መኩራታችንን አንደብቅም። ታዲያ መለኪያችን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ብቻ ከሆነ በእነዚያ ዓመታት የሮጡት ሁሉ የት ሊገቡ ነው?

በሦስተኛው ፍሬም ጠቡ ተጀመረ። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ «ሜዳልያ የሌለው አይሰቀል» አሉ። እነርሱንም መናቅ አይገባም፤ ደረጃ ካልተበጀ ግድግዳው አይበቃም የሚል ምክንያት ነበራቸው። ሌላው ወንድማችን ተነሥቶ፣ ሮማ ላይ ከአበበ ጋር በዚያው ማራቶን ኢትዮጵያን ወክሎ የሮጠ አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ሰው እንደ ነበረና ሰባተኛ እንደ ወጣ ነገረን። ከሃያ ሦስታችን አንዳችንም ስሙን ሰምተን አናውቅም ነበር። ከዓለም ሰባተኛ ወጥቶ በገዛ አገሩ ስሙ አይታወቅም! እኅቶቻችንም በበኩላቸው፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ከማግኘቷ 12 ዓመት አስቀድመው ፋንታዬ ሲራክና አምሳለ ወልደገብርኤል የተባሉ ሴቶች ሞስኮ ላይ ለኢትዮጵያ መሮጣቸውን ጠቀሱ። ስለ እነርሱም ብንጠየቅ የምንመልሰው አልነበረንም።

በመጨረሻ እኅቶቻችን የአገራችን ያልሆነች ሴት ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ርብቃ ቼፕቴጌ የኡጋንዳ ማራቶን ሯጭ ነበረች። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ሮጣ 44ኛ ወጣች። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኬንያ በሚገኘው ቤቷ አብሯት የነበረ ሰው ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት፤ ነሐሴ 30 ቀን ሞተች። ሮጣ በላቧ ባገኘችው ገንዘብ የገዛችው መሬት ለጠቡ መነሻ እንደ ሆነ ተነግሯል። የፓሪስ ከንቲባም አንድ የስፖርት ቦታ በስሟ እንደሚሰየም አስታወቁ። «44ኛ ለወጣች ሴት ፓሪስ ስፍራ ካገኘች፣ ሶዶ አንድ ፍሬም ታጣለች?» ብላ አንዲቱ ስትጠይቅ መልስ የሰጠ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ከወንዶቹ መካከል አንዳንዶቻችን ዝም ያልነው ስላመንን ሳይሆን ስላፈርን ነው። ሆኖም ሦስተኛው ፍሬም የርብቃ ሆነ፤ አሁን ስናየው ትክክል ነበር እንላለን።

አራተኛው ማሞ ወልዴ ነበር። እርሱን ወደ መጨረሻ የገፋነው ስለሚከብድ ነው።

ማሞ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ሜልቦርን ላይ ከተወዳደሩት አንዱ ነው። ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። ሜክሲኮ ላይ በዚያው ርቀት የብር ሜዳልያ ካገኘ በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ሕመም አስገድዶት ባቋረጠው ማራቶን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በ40 ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ሆነ፤ ቀኑም እንደ ሮማው ጳጉሜን 5 ነበር። ነገር ግን በ1985 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ልጅ ግድያ ተካፍለሃል ተብሎ ታሰረ። እርሱ አልገደልሁም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ስለ እርሱ ጠየቀ። በጥር 1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ ስለ ነበር ተለቀቀ። አራት ወር ብቻ ቆይቶ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ሞተ፤ አበበ ባረፈበት በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።

እኛም ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «የተፈረደበት ሰው አይሰቀልም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ያለ ፍርድ ይህን ያህል ዓመት የታሰረ ሰው ራሱ ተበድሏል፤ ሩጫውንም ማንም ሊወስድበት አይችልም» አልን። አንዱ ወንድማችን ለማስታረቅ ሲል «ሩጫውን ብቻ ጽፈን ሌላውን እንተወው» የሚል ሐሳብ አመጣ። ብዙዎቻችን ተስማማን፤ ለመገላገል ማለት ነው።

የንባብ ክፍሏን ቁልፍ የሚይዙት አዛውንት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙን ነበር። አባባ ታላቅ ወንድማቸውን በቀይ ሽብር ጊዜ ማጣታቸውን እናውቃለን፤ አስከሬኑም አልተገኘም፤ ፎቶግራፍም የላቸውም። ተቆጥተው «አትስቀሉት» ይሉናል ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን፦

«ልጆቼ፣ ስቀሉት። እኔም እኮ ከሜክሲኮ ያሸነፈ ጊዜ በራዲዮ ሰምቼ ዘልያለሁ። ነገር ግን ያ ልጅ እናት ነበረችው። እርሷ እዚህ ቤት ብትገባና ብታነብ ምን ታገኛለች?» አሉን።

ለዚህ የሚሆን መልስ አጣን። በአምስተኛው እሑድ የቀደመውን ጽሑፍ ቀደን እንደ አዲስ ጻፍን። ሜዳልያዎቹን በየዓመታቸው አስቀመጥን። ቀጥለንም መከሰሱን፣ መካዱን፣ ሳይፈረድበት የታሰረባቸውን ዓመታት፣ ፍርዱንና ሞቱን ጻፍን። ከዚያ በታች «በዚያ ዘመን የተገደለውን ልጅና መቃብራቸው ያልታወቀውን ሁሉ እናስባለን» የሚል መስመር ጨመርን። ጽሑፉ ከሌሎቹ ረዝሞ ከፍሬሙ ስለ ወጣ ወረቀት ቀጠልንበት፤ ቅጥሉ ዛሬም በግልጽ ይታያል።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ፍሬሙ ወደ ግራ አዘንብሏል ብለው በእጃቸው አቀኑት።