የጋማ ከብት ጤናና የትል መከላከል ሥራ በድርቅና በሠፈራ አካባቢዎች

በአራዳ፣ በምኒልክ አደባባይ የሚገኘው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ላይ ተቀምጠው ያሳያል። «አባ ዳኘው» የሚለው የፈረስ ስማቸውም እስከ ዛሬ ይነሣል። ይሁን እንጂ ፈረስን በሐውልትና በስም ያከበረች አገር ለጋማ ከብት ጤና የሰጠችው ትኩረት ለረጅም ዘመን አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል። የእንስሳት ሕክምና አገልግሎቱ በአብዛኛው ያተኮረው በቀንድ ከብት ላይ ነበር።

ድርቅ በገባበት ወረዳ ግን የጉዳዩ ክብደት ወዲያው ይታያል። ከማከፋፈያ ጣቢያ እህል ወደ ቤት የሚያደርሰውና ከሩቅ ምንጭ ውሃ የሚያመጣው አህያው ነው። አህያው በወደቀ ጊዜ ሸክሙ ወደ ሴቶችና ወደ ሕፃናት ጀርባ ይዛወራል።

የጋማ ከብትን ጉልበት ከሚያዳክሙት ነገሮች አንዱ የውስጥ ጥገኛ ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከፋንድያ ጋር ይወጣል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ እጩም ሣር ላይ ወጥቶ ከግጦሽ ጋር ተመልሶ ይዋጣል። የአንዳንዱ ዓይነት እጭ አንጀትን በሚመግቡ የደም ሥሮች ውስጥ ስለሚጓዝ የደም መርጋትና ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያስከትላል። በደረቅ ወራት ፀሐይ በግጦሹ ላይ ያለውን እጭ በብዛት ይገድላል፤ በእንስሳው ሆድ ውስጥ ያለው ትል ግን ዝናቡን ይጠብቃል። ስለሆነም በረሃብ የከሳ እንስሳ ከክረምቱ ሣር ጋር አዲስ የትል ጭነት ይቀበላል።

ይህን ችግር በጥናት ከመረመሩት መካከል ዶክተር ፍስሐ ገብረአብ፣ ዶክተር ይልማ ጆብሬና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። ሥራቸው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ነው። በደብረ ዘይትና በመናገሻ አካባቢ በአህዮች ላይ ያደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። ከጥናቶቹ አንዱ አይቨርመክቲንና ፌንቤንዳዞል የተባሉትን መድኃኒቶች ወቅትን ጠብቆ በመስጠት ላይ ያተኮረ ነበር። በእንግሊዝ አገር የአህዮች መንከባከቢያ ድርጅት የመሠረቱት ኤልሳቤት ስቬንድሰንም በሌላው ጥናት ተሳትፈዋል።

ከዚህ ዘርፍ ዕውቀት በመስክ ላሉ ሠራተኞች የሚከተለው ትምህርት ይገኛል።

አንደኛ፣ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ከተወሰኑ እንስሳት ፋንድያ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል ሊቆጠር ይገባል። ቁጥሩ ከሕክምናው በኋላ ካልቀነሰ መድኃኒቱ ወይም አሰጣጡ ጉድለት አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ እንደየአካባቢው የዝናብ ወቅት ይሰጥ። ክረምት ሊገባ ሲል መስጠት ግጦሹን ከብክለት ያድናል፤ ክረምት ሲወጣ መስጠት ደግሞ በዝናቡ ወራት የገባውን ትል ያስወግዳል።

ሦስተኛ፣ መጠኑ በክብደት ይወሰን። የአይቨርመክቲን የተለመደ መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ሚዛን በሌለበት ቦታ የደረትን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት ይቻላል። ከመጠን በታች መስጠት መድኃኒቱን የሚቋቋም ትል ያፈራል።

አራተኛ፣ መድኃኒት ብቻውን በቂ አይደለም። ገጣባ ያለበት አህያ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሊጫን አይገባም። በውሃ ጉድጓድ ዙሪያ የሚከማቸው ፋንድያም መጠረግ አለበት።

በሠፈራ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች ሲዛወር፣ እንደ መተከልና ጋምቤላ ያሉት ቦታዎች የገንዲ ዝንብ የሚገኝባቸው ነበሩ። ገንዲ በዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የደም በሽታ ሲሆን ፈረስን በብርቱ ይጎዳል፤ የሆድ ትል መድኃኒትም አያድነውም። የከሳ እንስሳ ሁሉ ትል አለበት ብሎ መደምደም ስለዚህ ስሕተት ነው፤ ደሙም ሊመረመር ይገባል።

በመሆኑም የዕርዳታ ዕቅድ የሚያወጡ ኃላፊዎች እህሉንና የጭነት መኪናውን ሲቆጥሩ፣ መኪና ከማይገባበት ቦታ ጀምሮ እህሉን ተሸክሞ የሚያደርሰውን እንስሳም አብረው ሊቆጥሩ ይገባል። የትል መድኃኒቱ ከዝናቡ በፊት ወረዳው ላይ መድረስ አለበት፤ ዘግይቶ የሚደርስ መድኃኒት ግጦሹ አስቀድሞ ከተበከለ በኋላ የሚመጣ ነውና።