የኤሌክትሪክ ሚዛን ገመድና ባለ ብዙ እግር ማገናኛ እንዴት እንደሚበየድ
ለቡና ነጋዴዎች፣ ለዕቃ አስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ አጭር ትምህርት



በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው መቲና በዙሪያዋ ያለው የጎደሬ ወረዳ ቡናና ማር የሚገኝበት፣ ዝናብ የሚበዛበት፣ ደን የለበሰ ምድር መሆኑ የታወቀ ነው። የማጃንግ ደንም በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ አገር የሚነሣው ቡና ከገበሬው እጅ ወጥቶ ከላኪው መጋዘን እስኪደርስ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመዘናል። በየጊዜው የሚመዘንበት ሚዛን ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ሚዛኖች ያልተስማሙ እንደ ሆነ ሻጭ ገዢውን፣ ገዢም ሻጩን ይጠረጥራል። ስለ ጥቂት ኪሎ የተነሣው ክርክር የብዙ ዓመት ደንበኝነትን ያፈርሳል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ከሰው ዘንድ ሳይሆን ከሚዛኑ ማሳያ ሣጥን ሥር ከተሰካች ከአንዲት ትንሽ ማገናኛ፣ በውስጧም በመጥፎ ሁኔታ ከተበየደች ከአንዲት ቀጭን ሽቦ የመጣ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ነጋዴው ይህችን ማገናኛ ዐውቆ መርምሮ፣ ለጠጋኝ በሚሰጥበትም ጊዜ ደኅናውን ሥራ ከመጥፎው ለይቶ እንዲቀበል ለማስረዳት ነው።

1ኛ. ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ

የቀድሞው ባስኩላ በዘንግና በድንጋይ የሚሠራ ስለ ነበር ስሕተቱ ለዓይን ይታይ ነበር። የኤሌክትሪክ ሚዛን ግን ከመድረኩ ሥር ‹ሎድ ሴል› የሚባል ክብደት ተቀባይ ብረት አለው። በዚህ ብረት ላይ የተለጠፉ ቀጫጭን መለኪያዎች ብረቱ በጭነቱ ምክንያት በጥቂቱ ሲለመጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው ይለወጣል፤ ማሳያው ሣጥንም ይህን ለውጥ አንብቦ ወደ ኪሎ ግራም ይመልሰዋል።

ከሎድ ሴሉ የሚወጣው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦዎች አሉት። ሁለቱ ከማሳያው ወደ ብረቱ ኤሌክትሪክ የሚወስዱ የመጋቢ ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ መልሱን የሚያመጡ የምልክት ሽቦዎች ናቸው። በአንዳንዱ ሚዛን በገመዱ ላይ የጠፋውን ኃይል ለማረም ሁለት ሽቦ ተጨምሮ ስድስት ይሆናሉ። እነዚህ ሁሉ በአራት፣ በአምስት ወይም በዘጠኝ እግር ማገናኛ አማካይነት ከማሳያው ጋር ይጋጠማሉ።

በምልክት ሽቦው የሚመጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ለምሳሌ እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሎድ ሴል 5 ቮልት ሲመገብና ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ሚሊቮልት የሚመልስ ሲሆን፣ ሙሉውን 300 ኪሎ ተሸክሞ የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ግራም ማለት ከአንድ ሚሊቮልት ሠላሳ እጅ አንዱ ያህል መሆኑ ነው። ለመብራት ወይም ለራዲዮ ምንም ጉዳት የማያደርስ ብየዳ ለሚዛን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ. ከመጥፎ ብየዳ የሚመጣው ኪሳራ በቁጥር

የአንድ ሎድ ሴል የመጋቢ በኩል ተቃውሞ 400 ኦም ገደማ ነው እንበል። ከመጋቢዎቹ ሽቦዎች በአንዱ ላይ ያለው ብየዳ ዝጎ ወይም ተሰንጥቆ አንድ ኦም ቢጨምር፣ ወደ ብረቱ የሚደርሰው ኃይል ከ400 እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በአራት ሽቦ የሚሠራ ሚዛንም በዚያው መጠን አሳንሶ ይናገራል፤ ይኸውም በ100 ኪሎ ግራም ላይ 250 ግራም ገደማ ነው።

ከመድረኩ በታች አራት ሎድ ሴሎች ባንድነት የተገናኙበት ትልቅ ሚዛን ከሆነ ግን ጉዳቱ የባሰ ነው። አራቱ ሲጣመሩ ተቃውሟቸው ወደ 100 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ በዋናው ማገናኛ ላይ የምትጨመረው ያችው አንድ ኦም ከመቶ አንድ እጅ ያህል ታጎድላለች። የቡና ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነውና 100 ፈረሱላ ማለት 1,700 ኪሎ ግራም ነው፤ ከመቶ አንድ እጁም 17 ኪሎ ግራም ይሆናል። እንግዲህ 100 ፈረሱላ ያመጣ ሰው 99 ተብሎ ይከፈለዋል ማለት ነው። አንድ ፈረሱላ ሙሉ ማንም ሳይሰርቀው ጠፋበት። በዚያው ሚዛን ነጋዴው መልሶ የሸጠ እንደ ሆነ ደግሞ ኪሳራው ወደ ራሱ ይዞራል።

ከዚህም በላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ዘወትር በአንድ መጠን አይሳሳትም። ጠዋት በቅዝቃዜ አንድ ቁጥር፣ ቀትር በፀሐይ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እርጥበት በበዛበት አገር ደግሞ በእግሮቹ መካከል ውሃ ወይም ያልጸዳ የብየዳ ቅባት ገብቶ ምልክቱን ያፈስሰዋል።

3ኛ. ከመበየድ አስቀድሞ የሚደረግ ምርመራ

መጀመሪያ ክብደቱ የታወቀ የ20 ኪሎ መመዘኛ በመድረኩ መካከልና በአራቱ ማዕዘኖች በተራ ይቀመጥ። ቀጥሎ መመዘኛው እንዳለ ገመዱ ከማገናኛው አጠገብ በቀስታ ይነቅነቅ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ጥርጣሬው በማገናኛው ላይ ይወድቃል፤ ቁጥሩ ጸንቶ ከቆየ ግን ማገናኛውን ከመፍታት በፊት ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ ጠፍቶ፣ ባትሪውም ተነቅሎ፣ ማገናኛው ከማሳያው ይለያል። በቴስተር በአራቱ እግሮች መካከል ያለው ተቃውሞ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይለካል። ከሚገኙት ስድስት ልኮች ከፍተኛው፣ ብዙ ጊዜ 400 ኦም ገደማ የሆነው፣ የመጋቢዎቹ ጥንድ ነው። ሁለተኛው፣ 350 ኦም ገደማ የሆነው፣ የምልክቱ ጥንድ ነው። የቀሩት አራቱ ልኮች ከእነዚህ ያነሱ ይሆናሉ። ከነዚህ አንዱ ቢያወላውል ወይም ፈጽሞ ባይነበብ ሽቦው ወይም ብየዳው ተበጥሷል ማለት ነው።

በብዙ ፋብሪካዎች ልማድ ቀይና ጥቁር ለመጋቢ፣ አረንጓዴና ነጭ ለምልክት ይሆናሉ። ነገር ግን ሁሉም ፋብሪካዎች በዚህ አይስማሙምና በቀለም ብቻ መተማመን አይገባም። አንዲት ሽቦ ከመነቀሏ በፊት የትኛው ቀለም በየትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ በወረቀት ይጻፍ። የወንዴው ማገናኛ አቀማመጥ ለሴቴው እንደ መስተዋት ተገልብጦ የሚታይ ስለ ሆነ፣ በእግሮቹ ግርጌ የተቀረጹትን ጥቃቅን ቁጥሮች አንብቦ መጻፍ ያስፈልጋል።

4ኛ. የብየዳው አሠራር

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ከ25 እስከ 40 ዋት የሆነና ጫፉ ቀጭን የመበየጃ ብረት፣ በውስጡ የጥድ ሙጫ ያለበት ቀጭን የብየዳ ሽቦ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቀጭን ቱቦ፣ የማጽጃ አልኮልና ቴስተር ናቸው። በጥገና ቤቶች ‹ሊድ› የሚባለው የብየዳ ሽቦ ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተቀየጠ ሲሆን፣ 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ የሆነው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እርሳስ የሌለበት የቆርቆሮና የመዳብ ቅይጥ ግን 227 ዲግሪ ይፈልጋል። የቆርቆሮ ቧንቧ ለመበየድ የሚያገለግለው አሲድ ሽቦውን እያደር ስለሚበላው ለዚህ ሥራ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ሥራውም በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈጸማል።

ሀ) የማገናኛው ሽፋን፣ ላስቲኩና ቱቦዎቹ አስቀድመው በገመዱ ላይ ይግቡ። ይህ ከተረሳ የተጠናቀቀውን ብየዳ መልሶ መፍታት ግድ ይሆናል።

ለ) የውጭው ልባስ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ልባስ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጥ። በሚላጥበት ጊዜ ከመዳቡ ክሮች አንዱም እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ያሻል።

ሐ) ክሮቹ ተጠምዘው በቀለጠ ሊድ በስሱ ይለበጡ። የማገናኛው እግር ጽዋም እስከ ግማሹ ይሞላ።

መ) ማገናኛው ከአቻው ጋር ተሰክቶ በሞርሳ ይያዝ። ፕላስቲኩ በሙቀት ሲለሰልስ እግሮቹ ከመሥመራቸው እንዳይወጡ የሚጠብቃቸው ይህ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው አቻ ግን ከማሳያው ሣጥን ጋር ያልተያያዘ ትርፍ ማገናኛ ይሁን።

ሠ) ብረቱ ጽዋውን ያሙቅ፤ በውስጡ ያለው ሊድ ሲቀልጥ ሽቦው ይግባ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ብረቱ ይነሣ። ሊዱ እስኪረጋ ድረስ ሽቦው ፈጽሞ አይነቃነቅ። በዚህች ቅጽበት የተነቃነቀ ብየዳ ከውጭ የተያያዘ ቢመስልም ከውስጥ የተሰነጠቀ ነው።

ረ) ደኅና ብየዳ ሽቦውንና ጽዋውን እንደ ውሃ አርሶ የተያያዘ ነው፤ እንደ ዶቃ ተድበልብሎ የተቀመጠ ግን አልያዘም። እርሳስ ያለበት ሊድ ሲያንጸባርቅ ደኅንነቱን ያሳያል። እርሳስ የሌለበት በተፈጥሮው ደብዘዝ ስለሚል በንጣቱ ብቻ አይፈረድበት።

ሰ) የተረፈው የሙጫ ቅባት በአልኮል ይጸዳ፤ በደንብም ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በየእግሩ ላይ ቱቦው ይሳብና ይሙቅ። ገመዱን የሚከላከለው የሽቦ ጥልፍም የሚዛኑ ፋብሪካ ሌላ ካላዘዘ በቀር በማሳያው በኩል ብቻ ይያያዝ።

ሸ) የማገናኛው መንከሻ የገመዱን የውጭ ልባስ አጥብቆ ይያዝ። ጆንያ ተሸካሚ ሠራተኛ ገመዱን ሳያውቅ ቢረግጠው ስበቱ በመንከሻው ላይ እንጂ በብየዳው ላይ ሊያርፍ አይገባም።

በመጨረሻም በቴስተር አጎራባች እግሮች አለመነካካታቸው፣ ስድስቱ ልኮችም በቦታቸው መገኘታቸው ይረጋገጥ። ሚዛኑ ተሠርቶ ክብደት ሲጫንበት ቁጥሩ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ሁለቱ የምልክት ሽቦዎች ተለዋውጠዋል ማለት ነውና ይቀያየሩ። ሠራተኛው ጢሱ በሚወጣበት ቦታ ይሥራ፤ እርሳስ መርዝ ስለ ሆነ ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።

5ኛ. ለነጋዴው የሚሰጥ ልዩ ማሳሰቢያ

የአራት ሽቦ ሎድ ሴል ገመድ ረዘመ ተብሎ አይቆረጥ፤ አጠረ ተብሎም እንዲሁ በዘፈቀደ አይቀጠል። ፋብሪካው ልኩን ያስተካከለው የገመዱን ተቃውሞ ጭምር ቈጥሮ ነው። ግድ ሆኖ ርዝመቱ ከተለወጠ ሚዛኑ በታወቀ መመዘኛ እንደገና ይስተካከል።

የተሰበረ መድረክ በኤሌክትሪክ ብየዳ በሚጠገንበት ጊዜ ሎድ ሴሉ አስቀድሞ ከመድረኩ ይፈታ። የብየዳው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ሎድ ሴሉን በአንድ አፍታ ያበላሸዋል።

ማኅተም ያለበት ሚዛን ለጥገና ከተከፈተ በኋላ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መርምሮ ሳያረጋግጠው በንግድ ላይ አይዋል።

ሚዛን የሚያስመጡ ነጋዴዎችም የዋናውን ዕቃ ዋጋ ብቻ አይመልከቱ። ለእርጥብ አገር የሚላከው ሚዛን እግሮቹ በወርቅ የተለበጡ፣ ውሃ የሚከለክል ላስቲክና የገመድ መንከሻ ያለው ማገናኛ ሊኖረው ይገባል። ከሚዛኑም ጋር ትርፍ ማገናኛና የእግሮቹ ቁጥር የተጻፈበት ሥዕል እንዲላክ በትእዛዙ ላይ ይጻፍ። ባለ ሱቆችም ይህንኑ ትርፍ ዕቃ ከቡና መልቀሚያው ወራት አስቀድመው ቢያዘጋጁ ለራሳቸው ትርፍ፣ ለገዢውም ዕረፍት ይሆናል፤ ጀንፈሉ በደጅ ተከምሮ ሚዛን የሚጠብቅበት ቀን ለማንም አይጠቅምምና።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሥራ ለለመደ እጅ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ የሚፈልገውም ዕቃ በጥቂት ብር የሚገዛ ነው። ስለዚህ የቡና ነጋዴ ሁሉ በየወቅቱ መጀመሪያ ሚዛኑን በታወቀ መመዘኛ ይፈትን፤ ገመዱን ነቅንቆ ይይ፤ ውጤቱንም ቀኑን ጠቅሶ በመዝገብ ይጻፍ። ገበሬውም ሲፈተን ቆሞ ቢመለከት መልካም ነው። በፊቱ የተፈተነ ሚዛን ያለውን ነጋዴ ገበሬው በሚመጣው ዓመትም አይለውጠውም።