ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ ወሰንና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ፥ «ይህ ዕቃ ጤና አይጎዳምን?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሚመልሰው እውነተኛ ቃል ሊኖረው ይገባል።

ስልክ የሚሠራው በራዲዮ ሞገድ ሲሆን፥ ከሞገዱ ጥቂቱ ወደ ተናጋሪው ራስ ገብቶ ሙቀት ይሆናል። መጠኑም አንድ ኪሎግራም የሰውነት ክፍል በሚቀበለው ዋት ይለካል። አዮን ከማይፈጥር ጨረር ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለራስና ለደረት የወሰነው ጣሪያ፥ በ10 ግራም ሥጋ አማካይ ሲታሰብ፥ በኪሎግራም 2 ዋት ነው፤ በ2020ም አጽንቶታል። ልኬቱ የሚፈጸመው ስልኩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2011 ሞገዱን «ካንሰር ያመጣ ይሆናል» ከሚባሉት መድቦታል፤ ይህም ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ተራራ አንቴናውን በጋረደበት ሸለቆ ስልኩ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ምልክቱ በደከመበት ስፍራ ንግግርን ማሳጠር፥ ወይም በጆሮ ማዳመጫ መናገር ይበጃል። «ጨረር ይከለክላል» ተብሎ የሚለጠፍ ዕቃ ግን አንቴናውን ከጋረደ ስልኩ ይበልጥ ኃይል እንዲያወጣ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

እንግዲህ አስመጪው ከማዘዙ አስቀድሞ የልኬቱን ቁጥር ከፋብሪካው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚሰጠውንም የዕቃ ዓይነት ማረጋገጫ ይመርምር። ቸርቻሪውም ቁጥሩን ለገዢው ያሳይ። በማስረጃ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛው ይጸናለታልና።